ሻርክ ያባርራል የተባለው አምባር

ጥቅምት 9

ይድረስ ለአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ለአጎቴ፤

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጆሮዎ ከሕመሙ አርፎ፣ ሰዓት መጠገኛ ሱቅዎም ደንበኛ ሞልቶት ያግኝዎ። አክስቴን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱን ለምጄዋለሁ፤ እሱ ግን እኔን የለመደኝ አይመስለኝም።

"ሥራሽን በደንብ ንገሪኝ፤ ጎረቤት ሲጠይቀኝ 'ዓሣ ትቀልባለች' ማለት አሳፈረኝ" ብለው ጽፈውልኛል። ምን ያሳፍራል አጎቴ፤ እውነትም ዓሣ ቀላቢ ነኝ። የምሠራበት ቤት ሰው ትኬት ቆርጦ ገብቶ የባሕር እንስሳትን በመስታወት አሻግሮ የሚያይበት ነው። ጠዋት ጠዋት የቀዘቀዘ ዓሣ ስቆራርጥ እቆያለሁ፤ ከቀትር በኋላ ከትልቁ ገንዳ አናት ላይ በተዘረጋው የብረት መረማመጃ ቆሜ፣ በረጅም ዘንግ ጫፍ እየሰካሁ ለሻርኮቹ እሰጣለሁ። ትልቋን እኛ ሠራተኞቹ "እመቤት" እንላታለን። እሷ ሳትበላ ሌላው ወደ ዘንጉ አይጠጋም።

እርስዎ ጆሮዎ እስኪጎዳ ድረስ ከውሃ በታች ዛጎል ሲለቅሙ ኖረው እኔ ስለ ሻርክ ላስተምርዎ አልችልም። ግን እርስዎ ሲያዩት ሽሽት ላይ ነበሩ፤ እኔ ቆሜ ነው የማየው። ዓይኑ ደካማ ነው የሚባለው ውሸት ነው፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ እኛ ግራ ሲገባን እሱ አጥርቶ ያያል። ጆሮው አናቱ ላይ ያሉ ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ናቸው፤ የሚንፈራገጥ ዓሣ የሚያሰማውን ዱብ ዱብ ከሩቅ ይሰማል። አፍንጫው ለመተንፈሻ አይደለም፣ ለማሽተት ብቻ ነው፤ ሽታው ቀድሞ በቀኙ ከገባ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ደግሞ ከራሱ እስከ ጭራው በጎኑ የተሰመረች ቀጭን መስመር አለች፤ በእሷ የውሃውን መላወስ ይዳስሳል። ሰው ከኋላችን ሲያልፍ ማጅራታችን እንደሚያውቀው ማለት ነው።

እኔን ያስገረመኝ ግን የመጨረሻው ነው። አፍንጫው ሥር በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ውስጣቸው እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለግ ነገር ሞልቷል። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ልቡ ሲመታ፣ ጡንቻው ሲላወስ፣ እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይወጣዋል አሉ። ሻርኩ በእነዚያ ቀዳዳዎች ያንን ያውቃል። አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ዓሣ እንኳ አያመልጠውም። ባለፈው መስታወት የሚያጸዳው ሰው በማግኔት የሚጣበቀውን መጥረጊያውን ገንዳው ውስጥ ጣለው። እመቤት ልታየው ቀረበች፤ ስንዝር ሲቀራት በጥፊ እንደተመታ ሰው ዞር ብላ ሄደች። አለቃዬ "ማግኔቱ ነው፤ ቀዳዳዎቹን ረበሻቸው" አለኝ። ለካ እሷም የምትደነግጠው ነገር አለ ብዬ ሳቅሁ።

ሥራዬ ይኸው ነው። አሁን ለጎረቤት ይንገሩ።

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 12

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

መሄጃሽን ያቀናልሽ አምላክ መመለሻሽን አይዝጋብሽ። ደብዳቤሽን በእናንተና በእኛ ወደብ መካከል የሚመላለሰው መርከብ አብሳይ በእጁ አምጥቶ ሰጠኝ። ለአክስትሽ አነበብኩላት። የደነቆረ ሰው የድምፁን ልክ አያውቅምና፣ እኔ ለአንድ ሰው ሳነብ ሠፈሩ ሁሉ ይሰማል። እንዲህ ሆኖ መንደርተኛው በሙሉ የሻርክ ጆሮ የት እንዳለ አወቀ።

እዚህ ብዙ አዲስ ነገር የለም። አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ወደብ ላይ ጆንያ ይሸከማል። ዛጎል መልቀሙን ትቶታል፤ ሌሎቹም ትተውታል። ሐምሌ ላይ አንዱን ሻርክ ባቱን ይዞት ነበር። ተርፏል፤ ትንሽ ያነክሳል እንጂ። ከዛጎሉ የልብስ ቁልፍ የሚሠሩት ነጋዴዎች "ዛጎል የለም ወይ?" እያሉ ይመላለሳሉ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ያ ማግኔት ያልሽው ከተገኘ፣ ትንንሽ የሆኑትን መርጠሽ ላኪልኝ። የሰዓት ብሎን ሲወድቅብኝ ለመልቀሚያ ነው። ዓይኔም እንደ ጆሮዬ ሊከዳኝ ነው መሰለኝ፣ ተንበርክኬ ወለል ስዳብስ ነው የምውለው።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 4

ይድረስ ለአጎቴ፤

ጉልበትዎን ከወለሉ፣ ወገብዎን ከመጉበጥ ይጠብቅልኝ። ማግኔቶቹን በትንሽ ሳጥን አድርጌ በአብሳዩ ልኬያለሁ። ትንሽ ናቸው ብለው እንዳይንቋቸው፤ ሁለቱ ሲጣበቁ መሃል የገባ ጣት ያለቅሳል። ከሰዓቶቹ አርቀው ያስቀምጧቸው።

ባቱን የተያዘውን ሰው ነገር በአንድ መስመር ነው ያለፉት። ማን ነው? ምን ሰዓት ላይ ነው የጠለቀው? የወጋውን ዓሣ ወገቡ ላይ አስሮ ነበር ወይ? ለአለቃዬ ብነግረው ቀድሞ የጠየቀኝ ይህንን ነው።

የወንድምዎ ልጅ


ጥር 16

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

እጅሽ ይባረክ። ሳጥኑ በደህና ደረሰኝ። "ከሰዓቶቹ ያርቋቸው" ያልሽው ግን ዘግይቶ ነው የታየኝ፤ ሱቄ ውስጥ ያለ ሰዓት ሁሉ አብዷል። አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ቆሟል፣ የመምህሩ ሰዓት ደግሞ ደስ ሲለው ነው የሚሄደው። ደንበኛ ሰዓት ሲጠይቀኝ ወጥቼ ፀሐይዋን አያለሁ።

የምሥራች አለኝ። አማቼ ወደ ባሕሩ ተመለሰ! ጆንያውን ጥሎ፣ ጀልባውን ቀብቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር ገባ። ልጄ ፊቷ ወዝ አገኘ። ሰውዬው እኮ ልቡ ብቻ ነበር የጎደለው፤ አሁን አገኘው።

ባቱን ስለተያዘው ልጅ አትጨነቂ፤ እየተሻለው ነው። ደግሞ የማግኔቱን ነገር፣ ሌላ ሳጥን ላኪልኝ። ከቻልሽ ሦስት። ዋጋውን አብሳዩ ይሰጥሻል። ብሎኑ በዝቷል።

አጎትሽ


የካቲት 8

ይድረስ ለአጎቴ፤

ዛሬ ሰላምታዬ ቢያጥር ተቀይማ ነው ብለው እንዳያዝኑ፤ ፈርቼ ነው።

አብሳዩ ገንዘቡን ሲያቀብለኝ እጁ ላይ የሚያብረቀርቅ አምባር አየሁ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት።

"አታውቂውም እንዴ? ያንቺ አይደል?" አለኝ። "አጎትሽ ናቸው የሠሩት። ውስጡ ማግኔት አለ። ይሄን ያደረገ ሰው ዘንድ ሻርክ አይደርስም።"

"ማን አለ?"

"አንቺ ነሻ! ደብዳቤሽን ሱቃቸው ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። ማንበብ ለማይችለው ራሳቸው ያነቡለታል።"

አጎቴ፣ እኔ የጻፍኩት አንዲት የጠገበች ሻርክ፣ አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ዕቃ ፊቷን ማዞሯን ነው። እነዚያ ቀዳዳዎች የሚሠሩት ክንድ በማይሞላ ርቀት ብቻ ነው። ሻርክ ሰው ያለበትን የሚያገኘው በእነሱ አይደለም። ሰምቶ፣ አሽትቶ፣ ውሃው ሲላወስ ዳስሶ፣ በዓይኑ አይቶ፣ መጥቶ ካበቃ በኋላ ነው ማግኔቱ የሚሰማው። ያን ጊዜ አፉ ተከፍቷል። የባሰው ደግሞ እንዲያምር ብለው ወልውለውታል! ውሃ ውስጥ ብልጭ የሚል ነገር ምን እንደሚመስል ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። የዓሣ ቅርፊት ነው የሚመስለው።

ማግኔት አልላክሁም፤ ገንዘቡንም መልሼለታለሁ። ወደብ ቢሮ ስልክ ደወልኩ፤ ያነሣው ሰው "ሰዓት ሠሪውን? እሳቸው ስልክ አይሰሙም" ብሎ ዘጋብኝ። እባክዎ አጎቴ፣ የሸጡትን ይሰብስቡ። እግርዎ ሥር ወድቄ ነው የምለምንዎ።

የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ 2

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ጤናሽን ያብዛልሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። ያልመለስኩት ተናድጄ ነው። አክስትሽ "ተናደህ አትጻፍ" አለችኝ፤ ንዴቴ እስኪበርድ ጠበቅሁ። አልበረደም። ስለዚህ ይኸው።

እኔ አታላይ አይደለሁም። የገዛ አማቼን ላታልል ነው? ሚስቱ አራስ፣ እሱ ባሕሩን እያየ ጆንያ ሲሸከም፣ ጀርባው ሲጎብጥ ዝም ብዬ ልየው? አንድ አምባር ሠራሁና "ይሄ ያባርራል፤ የወንድሜ ልጅ በዓይኗ አይታለች" አልኩት። ገባ። ወጣ። በነጋታው ጓደኞቹ ደጃፌ ላይ ቆመው "ለኛስ?" አሉ። የለም ልበላቸው? ሐምሌ ላይ የተነከሰው ልጅ ደሙ ጀልባዋ ላይ ደርቆ ነበር፤ ያንን ያየ ሁሉ ውሃውን በርቀት ነበር የሚዞረው። አምባሩን ካደረጉ ወዲህ ማንም አልተነካም። ማንም!

ባለ ሳንባው የምንለው አለ፤ ትንፋሹን እንደሱ የሚይዝ በዚህ ባሕር የለም። እሱማ ሌላው ወጥቶ ልብሱን ሲለብስ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ብቻውን ይገባል። ሁለት እጥፍ ነው የሚያወጣው።

አንቺ መጀመሪያ "በጥፊ እንደተመታች ዞረች" አልሽ፤ አሁን ደግሞ አይሠራም ትያለሽ። የቱን ልመን? ሞክረሽዋል? ሳይሞክሩ ሰውን ማስፈራራት ምን ይሉታል?

አጎትሽ


ሚያዝያ 29

ይድረስ ለአጎቴ፤

ሰላም ለእርስዎና ለቤቱ ሁሉ ይሁን። ይህን የምትጽፍልኝ አብራኝ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ናት፤ ቃሉ የኔ ነው። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ሞክሬዋለሁ። አብሳዩን ለምኜ አምባሩን ተቀበልኩት። ጎብኚ ወጥቶ መብራት ሲቀነስ፣ ዘንጉ ጫፍ ላይ ከዓሣ ጋር አሰርኩና አወረድኩት። እመቤት መጣች። አፍንጫዋ ሊነካው ሲል ዞረች። "እውነት ይሆን እንዴ?" ብዬ ደስ አለኝ፤ አልዋሽዎትም፣ ስለ እርስዎ ብዬ ደስ አለኝ። እንደገና መጣች፤ ዞረች፤ ግን አልራቀችም። ቀጥሎ ከታች በኩል መጥታ ዓሣውን ወሰደችው።

ከዚያ ዓሣ ሳልሰካ አምባሩን ብቻ አወረድኩ። ከወዲያኛው ጫፍ፣ ሲያርፍ የዋለው ትንሹ ሻርክ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ መጣ። የሚሸት ነገር አልነበረም፤ የሚንፈራገጥም አልነበረም። የሚያብረቀርቅ ነገር ብቻ ነበር። ነከሰው።

ግድግዳው ላይ ያለውን ያውርዱና ይህንን ይለጥፉ። ለባለ ሳንባው ግን ቤቱ ድረስ ሄደው ያንብቡለት።

የወንድምዎ ልጅ


ግንቦት 21

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ሥራ የበዛበት ሰው ደብዳቤ ያሳጥራል እንጂ በሰው አያስጽፍም። እጅሽ ምን ሆነ? ሰላምታው ይቅርና እሱን ንገሪኝ።

ደብዳቤሽን በቆምኩበት አነበብኩት። ሱቄን ሳልዘጋ ወደ ልጄ ቤት ሄድኩ። አማቼ ሰምቶ ሲጨርስ አምባሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የተናገረችው ልጄ ናት።

"አባዬ፣ ታውቅ ነበር?"

"አላውቅም ነበር" አልኳት።

"መጠየቅስ?" አለችኝ።

ከዚያ በየቤቱ ዞርኩ። "አምባሩ አይሠራም፤ መልሱልኝ፤ ገንዘባችሁ ይኸው" አልኩ። የሚያምነኝ አጣሁ። አንዱ "ጋሼ፣ በውድ የሚገዛዎ አገኙ እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። ሌላው በሁለት እጁ ሸፍኖ ያዘው። "እሱን ካወለቅሁ እግሬ ውሃ አይነካም። ቤቴ ሰው አለ፤ ይተዉልኝ" አለኝ። የሸጥኩላቸው ጊዜ አንደበቴ እንዴት ይፈታ ነበር መሰለሽ! ላስወልቃቸው ስል ተንተባተብኩ።

ባለ ሳንባው ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ደብዳቤሽን እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

"እኔ እስካሁን ምን ሆንኩ?" አለኝ።

"ምንም" አልኩት።

"እንግዲያው ሠርቷል" አለኝና እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆመ።

ማታ ማታ ወደብ እወርዳለሁ። እሱ እስኪወጣ ድንጋዩ ላይ ልቀመጥ እልና እነሣለሁ፤ እነሣና እዞራለሁ። አክስትሽ "ጫማህን ጨረስከው" ትለኛለች።

ስለ እጅሽ ጻፊልኝ።

አጎትሽ


ሰኔ 15

ይድረስ ለአጎቴ፤

እርስዎ ሲዞሩ የሚያድሩበትን መንገድ የሚያሳርፍ ዜና ይላክልዎ። ይህ የግራ እጄ ጽሑፍ ነው፤ ፊደሉ የሰከረው ለዚህ ነው።

ትንሹ ሻርክ አምባሩን ነክሶ ሲጎትት ዘንጉን አልለቀቅሁም። ቀኝ እጄ በዘንጉና በመረማመጃው ብረት መሃል ገባ። ሁለት ጣቶቼ ተሰበሩ። ሻርክ ነከሳት ብለው ለማንም እንዳይናገሩ፤ ብረቱ ነው። አለቃዬ "ማን ፈቀደልሽ?" አለኝ። ከገንዳው አናት ከልክሎኛል። አሁን በር ላይ ትኬት እቆርጣለሁ። ሻርኮቹን የማያቸው እንደ ማንኛውም ጎብኚ በመስታወቱ በኩል ነው።

ያልነገርኩዎ፣ ካዘኑልኝ ሌላውን ነገር ትተው ስለ እኔ ብቻ እንዳይጨነቁ ብዬ ነው።

አጎቴ፣ ሰዎቹን ከባሕር ማስቀረት አንችልም፤ በልተው ማደር አለባቸው። ማስወለቅ እንኳ ካቃተዎ በጨርቅ ይጠቅልሉላቸው፤ ብልጭታው ይጥፋ። የወጉትን ዓሣ ወገባቸው ላይ አይሰሩት፤ ወዲያው ጀልባ ላይ ይጣል፤ ደሙ መንገድ ይመራል። ብቻውን የሚጠልቅ አይኑር። ሻርኩ ከመጣ አይንፈራገጡ፤ ፊታቸውን ወደ እሱ አድርገው ቀስ እያሉ ይውጡ። ከሁሉ በላይ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ይውጡ። ይህን ሁሉ እርስዎ ያውቁታል። አባቴ ነግሮኛል፤ ድሮ እንዲህ ነበር የምትጠልቁት።

የወንድምዎ ልጅ


ነሐሴ 7

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ጣቶችሽን ይጠግንልሽ። አክስትሽ ታለቅሳለች፤ እኔ ደግሞ ስታለቅስ ማየት አቅቶኝ ውጭ ውጭውን እላለሁ። ይቅር በይኝ ብዬ ጀምሬ ቀደድኩት፤ እንደገና ጀምሬ ቀደድኩት። ይቅር በይኝ። አሁን አልቀደውም።

ያልሽኝን ሁሉ ነገርኳቸው። እኔና አማቼ ጀልባ በጀልባ ዞርን። ዓሣውን ወገብ ላይ ማሰር ቀርቷል፤ የሚያነክሰው ልጅ ራሱ ቆሞ "እኔ አስሬ ነበር" ብሎ ስለነገራቸው ሰሙት። አዎ፣ አስሮ ነበር፤ ጀምበርም ጠልቃ ነበር። ያኔ ስትጠይቂኝ ያልመለስኩልሽ እሱን ነው። ግማሹ አምባሩን መለሰልኝ፤ ግማሹ በጨርቅ ጠቀለለው። ባለ ሳንባው እንቢ አለ።

"ከፈሩልኝ መጥተው ይጠብቁኛ!" አለኝ። ቀልዱን ነበር። እኔ ግን ሄድኩ።

ጆሮዬ ከውሃ በታች አያስወርደኝም እንጂ ጀልባ ላይ ለመቀመጥ ምን ይከለክለኛል? ወገቡ ላይ ገመድ አስሬ ጫፉን እጄ ላይ ጠመጠምኩት። አልወደደውም፤ "እንደ በግ!" እያለ ሳቀብኝ። እንዲሁ ስንሄድ ከረምን። እሱ ይጠልቃል፣ እኔ ውሃውን አያለሁ። ሲወጣ "ይኸው፣ አልተበላሁም" ይለኛል፤ እኔም "እሰየው" እለዋለሁ።

አንድ ቀን ፀሐይዋ ውሃው ላይ ተኝታ ሳለች ገመዱ ጥብቅ አለ። ሁልጊዜ ልውጣ ሲል የሚጎትተኝ ሁለት ጊዜ ነው። ይሄኛው እንደዚያ አልነበረም፤ ገመዱ ተንቀጠቀጠ። ሳብኩ። እግሬን ከጀልባዋ ጎን ተክዬ ሳብኩ። መጣ። እጁን ጀልባዋ ላይ ሲጥል አየሁት፤ አምባሩ የለም፤ አንጓው ላይ ቆዳው ተገሽልጧል፤ ራሱ ነው ጎትቶ ያወለቀው።

"ምን ሆንክ?" አልኩት።

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። አልሰማሁትም።

"ጮክ በል! አልሰማም እኮ!"

ራሱን ነቀነቀ። ጀልባዋ ወለል ላይ ተቀመጠና እግሬን ያዘኝ። እንዲህ ያለ ግዙፍ ሰው፣ እንደ ሕፃን፣ ሁለት እጁን ቁርጭምጭሚቴ ላይ አድርጎ። አንድ እግር ተይዞ መቅዘፍ ቀላል አይደለም፤ ግን ልቀቀኝ አላልኩትም። ባሕሩ ዳር እስክንደርስ አልለቀቀኝም። ሚስቱ ቆማ ስትጠብቀን "ምን ሆነሃል?" አለችው። "ውሃው ቀዘቀዘኝ" አላት። ምን እንዳየ እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

በሳምንቱ ሱቄ መጣ። ሰዓት ሊያሠራ የመጣ መስሎኝ ወንበር ሰጠሁት። አልተቀመጠም።

"ጋሼ፣ ነገ እንሂድ?" አለኝ። "ጠዋት።"

ሦስት ሰዎች አሁንም አብረቅራቂውን አድርገው፣ ሲመሽ ይገባሉ። በየቀኑ እለምናቸዋለሁ፤ በየቀኑ በደህና ይወጣሉ፤ በየቀኑ ይስቁብኛል። በደህና በመውጣታቸው ደስ ይለኛል፣ ደግሞ እናደዳለሁ። ሰው በአንድ ልቡ ሁለቱን እንዴት ይችላል?

ይህን የምጽፍልሽ ጀልባ ላይ ሆኜ ነው፤ ወረቀቱ ጉልበቴ ላይ ስላለ ነው ፊደሉ የተንጋደደው። ጠዋት ነው። አማቼና ባለ ሳንባው የመጥለቂያ መነጽራቸውን ጭጋግ እንዳይዘው በምራቃቸው እያጠቡ ነው። ብዙ የምነግርሽ ነበረኝ፤ ስለ ልጄም፣ ስለ ሱቁም። ግን ሊገቡ ነው። ውሃውን ማየት አለብኝ።